ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሙምባይ የመጀመሪያ ሰሞን

ሙምባይ ውስጥ የሚወደደው ነገር ቦታ ነው። ይህን ለማወቅ የቤት ዋጋ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አንዴሪ ባቡር ጣቢያ መውጫ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ከግንቡ ጋር አጣብቆ ይሰፋል። ከጎኑ በከሰል ካውያ ልብስ የሚተኩስ ሰው አለ፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። ቀጥሎ ከዛፍ ግንድ ጋር ተያይዛ የተሠራች፣ ቢጫ አበባ የተንጠለጠለባት ትንሽ የጸሎት ስፍራ ትታያለች። ከእሷ እልፍ ሲባል የተቀቀለ ድንች በሽምብራ ሊጥ እየነከረ የሚጠብስ ወጣት ዘይቱን ጥዷል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው እኛ አገር አንድ ሚኒባስ ታክሲ በሚቆምበት ስፋት ላይ ነው። ማንም ማንንም ሲገፋ አይታይም። ሁሉም የድርሻውን ስንዝር ያውቃል።

ወደዚህ ከተማ ያመጣኝ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። ከቦሌ አምስት ሰዓት ገደማ በሚፈጀው በረራ ላይ አብሮኝ የተሳፈረው የአገሬ ሰው በሦስት ይከፈላል። የራጅ ፊልምና የሐኪም ወረቀት በፌስታል ይዞ ለሕክምና የሚሄድ ከነአስታማሚው፣ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ፣ እና እንደ እኔ ያለ ተማሪ። ሁላችንም ስለ ህንድ የምናውቀው ነገር ነበረን። ግማሻችን ሒሳብና ፊዚክስ የተማርነው ከህንድ መምህራን ነው፤ ሌላው ደግሞ በልጅነቱ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ የህንድ ፊልም ያየ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ሰዎቹ የሚዘፍኑት ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ያ ሜዳ ሙምባይ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 12.4 ሚሊዮን ነበር። የቆዳ ስፋቷ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አትሰፋም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየሁት ነገር ሁሉ፣ የቤት ኪራዩም፣ የባቡሩም ሥርዓት፣ የምሳውም ጉዳይ፣ የዝናቡም መዘዝ፣ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ቁጥር የሚመነጭ ሆኖ አገኘሁት። ሙምባይን መልመድ በትንሽ ቦታ መኖርን መልመድ ነው። ትንሿ ቦታ ግን ለሁሉም እኩል ትንሽ አይደለችም።

የጥበቱ መነሻ ባሕሩ ነው። ዛሬ አንድ ወጥ ምድር የሚመስለው የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ድሮ ሰባት ደሴት ነበር። ፖርቱጋሎች ይዘውት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1661 ልዕልታቸው ካተሪን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ ስትታጭ አብሯት የሚሄድ የጋብቻ ስጦታ አደረጉት። ንጉሡም በ1668 ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በዓመት 10 ፓውንድ አከራየው። በከተማዋ ታሪክ ርካሹ ኪራይ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ባሕር የመሙላት ታሪክ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በደሴቶቹ መካከል የሚገባውን ውኃ በግድብ ዘጉ፤ ረግረጉን በአፈርና በድንጋይ ሞሉ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የባሕሩን ዳር ገፍተው ማሪን ድራይቭ የሚባለውን ውብ ጎዳናና ከጀርባው ያሉትን ሕንፃዎች ገነቡበት። ያም ሆኖ ምድሩ በሦስት ወገን በውኃ የታጠረ፣ ወደ ሰሜን ብቻ የሚረዝም ቀጭን ምላስ ነው። ገንዘቡና መሥሪያ ቤቱ ከደቡብ ጫፍ ተሰበሰበ፤ ሕዝቡ አቅሙ የሚፈቅድለትን መኝታ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተሰደደ። ጠዋት ሁሉም ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ማታ ሁሉም ወደ ሰሜን ይመለሳል።

እኔም መኝታ ፍለጋዬን ከደላላ ጀመርኩ። ደላላው ሞተር ብስክሌቱ ላይ ከኋላው አስቀምጦኝ ከሰፈር ሰፈር ሲያዞረኝ የቤቱን ሁኔታ ከመንገሩ በፊት እኔን ይጠይቀኛል። ብቻሽን ነሽ? ባለትዳር ነሽ? እንግዳ ይመጣብሻል? ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ሥጋ ትበያለሽ? ቤቱ የሚመዘነው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚመዘነው ተከራዩ ነው። ውሉ እንደ ልማዱ ለ11 ወር ነው። የደላላው ድርሻ የአንድ ወር ኪራይ ያህል ሲሆን፣ ማስያዣው ደግሞ የብዙ ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ነው። «ዋን አር ኬ» ብለው የሚያሳዩአችሁ አንድ ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው፤ አንዳንዱ ጋ ማድ ቤቱ ከክፍሉ የሚለየው በመጋረጃ ነው።

ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ፊታቸው የተለወጠ አከራዮችም ነበሩ። አንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ካየኝ በኋላ ከደላላው ጋር በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ ተነጋገረ። ደላላው ዞር ብሎ «ማዳም፣ የሕንፃው ማኅበር አይፈቅድም» አለኝ። የነዋሪዎች ማኅበር የሌለው ሕንፃ የለም ማለት ይቻላል፤ እምቢ ለማለት ለፈለገ ሁሉ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። አብሮኝ የሚማረው የአገሩ ተወላጅ ሙስሊም ልጅም ይህንኑ መልስ ደጋግሞ መስማቱን ነገረኝ። ቦታ ሲጠብ ሰው የሚያጠብበት ምክንያት አያጣም።

በመጨረሻ የተቀበሉኝ ከጉጃራት የመጡ፣ የጃይን እምነት ተከታይ የሆኑ አንዲት ባልቴት ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ካሏቸው ሁለት መኝታ ክፍሎች አንዱን ያከራያሉ። ሁሉም አንቲ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሶፋው ላይ አስቀምጠውኝ ጠየቁኝ።

«ቤት ውስጥ ሥጋ ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም።»

«ዓሣ? እንቁላል?»

«አልሠራም።»

«ሽንኩርትስ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ጃይኖች ሥራ ሥር አይበሉም። ሥሩን መንቀል ተክሉን መግደል ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት በዚያ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም። በሻንጣዬ ውስጥ ግን እናቴ ያስያዘችኝ በርበሬና ሽሮ አለ፤ ሁለቱም ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተሰናዱ ናቸው። ወጥ ያለ ሽንኩርት እንዴት እንደሚጀመር ደግሞ በእኛ አገር ያስተማረኝ የለም። እንዳለ ነገርኳቸው። አንቲ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና ተነስተው የበረንዳውን በር ከፈቱ። አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ጥግ አሳዩኝ። «ያንቺ ከዚህ ወዲያ ነው» አሉኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ፣ ድስቴ፣ በርበሬዬና ሽንኩርቴ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ተቋቋሙ። ማድ ቤታቸው ንጽሕናውን እንደጠበቀ፣ እኔም ሽሮዬን ሳልተው፣ በአንዲት በረንዳ ጥግ ተስማማን።

በሳምንቱ ዓርብ ጠዋት አንቲ ሄል ያለበት፣ በወተት የፈላ ሻይ አቀረቡልኝ። ዛሬ ወተት አልጠጣም አልኳቸው።

«ወተት? ለምን? ላሟ እኮ አልሞተችም!»

ረቡዕና ዓርብ ጾም እንደሆነ፣ ሁዳዴ 55 ቀን እንደሚጾም፣ በጾም ወተትና ቅቤም እንደ ሥጋ እንደሚቆጠሩ ነገርኳቸው። በእሳቸው እምነት ፓርዩሻን በሚባለው የጾም ሰሞን ከተፈላ ውኃ በቀር ምንም የማይቀምሱ ምእመናን አሉ፤ ጾም ለሳቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ግን ደላላው «የአፍሪካ ሰው ናት» ብሎ ያመጣት ልጅ ወተት እንኳ የሚከለክል ጾም ይዛ ትመጣለች ብለው አልጠበቁም። በሩን ከፍተው የፊት ለፊቷን ጎረቤት ጠሩና በጉጃራቲ አወሩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረቡዕና በዓርብ ሻዬ ያለ ወተት ይመጣል። ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ጎረቤቶችም ስለ ጾሙ ይጠይቁኝ ጀመር። የሕንፃው ማኅበር ፈቃድ ያን ያህል ከባድ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ወረቀት የማመላለሱን ጣጣ በአጭሩ ልለፈው። ከ180 ቀን በላይ የሚያስቆይ ቪዛ የያዘ የውጭ ሰው በገባ በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለምዝገባው የቤት ውል ያስፈልጋል፤ ለስልክ ቁጥር የፓስፖርት ቅጂና ጉርድ ፎቶ፤ ለባንክ ሒሳብ ደግሞ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። እስከዚያ ድረስ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር ግድ ነው። አገሬው ግን ጥሬ ገንዘብ እየረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተጀመረው የስልክ ክፍያ ኮኮናት ሻጩም፣ አበባ ሻጯም ይቀበላሉ። ገንዘቡ ሲገባ በጋሪው ላይ የተቀመጠች ትንሽ ድምፅ ማጉያ «አሥራ አምስት ሩፒ ደርሷል» ብላ ታውጃለች። ሻጩ እጁ በሊጥ ስለተያዘ ስልኩን ማየት አያስፈልገውም።

ከተማዋ የምትፈትነው ግን በባቡሯ ነው። በህንድ ምድር የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር የተጓዘው እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1853፣ ከቦሪ በንደር እስከ ታኔ፣ 34 ኪሎ ሜትር። ዛሬ የከተማው ባቡር በቀን 7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያመላልሳል። በጠዋቱ ግፊያ ወቅት ባለሙያዎች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ14 እስከ 16 ሰው ይቆጥራሉ። እኔ የምማርበት ደቡብ፣ ማደሪያዬ ሰሜን፤ መስመሬ ከአንዴሪ ቸርችጌት። ትኬቱ ከአንድ ሻይ ዋጋ አይርቅም። ባቡሩ «ፈጣን» እና «ቀርፋፋ» አለው፤ ፈጣኑ ትንንሽ ጣቢያዎችን እየዘለለ ያልፋል። ጣቢያ ላይ የሚቆመው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ የሚወርደው ይወርዳል፣ የሚወጣው ይወጣል፣ የዘገየውም ይቀራል።

ለሴቶች የተለዩ ፉርጎዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሴቶች የሆነ ባቡርም ይሄዳል። መጀመሪያ ስገባ ያየሁት ጠጠር መጣያ የሌለው ሕዝብ ብቻ ነበር። ሕዝቡ የሚመራበት ደንብ መታየት የጀመረው ሰውነቴ ግፊያውን ከተላመደ በኋላ ነው። ከተቀመጡት ፊት የቆመችው ሴት ጎንበስ ብላ የተቀመጠችውን «የት ትወርጃለሽ?» ትላታለች። «ባንድራ» ካለቻት ወንበሩ ከባንድራ በኋላ የጠያቂዋ ነው። ሌላዋ መጥታ ብትጠይቅ «ተይዟል» ትባላለች፤ እሷም ወደሚቀጥለው ወንበር ትሄዳለች። ጽሑፍ የለ፣ ተቆጣጣሪ የለ፤ ሆኖም ስምምነቱን የሚያፈርስ አላየሁም። ለሦስት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ ደግሞ አራተኛ ሰው መቀመጥ መብቱ ነው። አራተኛዋ የምታገኘው የወንበሩን ጠርዝ ነው፤ ግማሽ አካሏ መተላለፊያው ላይ ይንጠለጠላል። ሦስቱ ግን አይተው እንዳላዩ አይሆኑም። ከንፈራቸውን ሳያጣምሙ ወደ መስኮቱ ይሰበሰባሉ። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ በግድ የሚያስፈጽመውን እነዚህ ማንም ሳያዛቸው ያደርጉታል።

መውረድም የራሱ ሥርዓት አለው። ለመውረድ አንድ ጣቢያ ሲቀር ወደ በሩ መጠጋት ይገባል፤ ከፊት ያለችውን «ትወርጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የማትወርደው ዞር ብላ ታሳልፋለች። ዳዳር ላይ ሁለቱ ዋና መስመሮች ስለሚገናኙ የሚወርደው ሕዝብ ራሱ ይዞ ያወርዳል፤ የሚያስፈልገው ቦርሳን ከፊት አዙሮ መያዝና እግርን ከመሬት አለማንሳት ብቻ ነው።

ማታ ማታ በሚመለሰው ባቡር ፉርጎው ወደ ቤትነት ይለወጣል። አንድ ምሽት ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ የአብሽ ቅጠል አውጥታ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ቅጠሉን ከግንዱ እየቀነጠሰች ወደ ፌስታል ትጨምር ጀመር። ፊት ለፊቷ ያለችው ሳትጠየቅ አንድ እስር አነሳችና አብራት ቀነጠሰች። በመሐሉ የጆሮ ጌጥና የፀጉር መያዣ በካርቶን ላይ ደርድራ የምትሸጥ ልጅ ከእጅ እጅ እያስተላለፈች ታሳያለች፤ ካርቶኑ እስከ ፉርጎው ጫፍ ደርሶ ገንዘቡ በዚያው የእጅ መንገድ ተመለሰ። እኔ አንዴሪ ስወርድ የእራቷ ቅጠል ተለቅሞ አልቆ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ በባቡር የምታሳልፍ ሠራተኛ ሴት ማድ ቤቷን ይዛ ካልተጓዘች ልጆቿ እራት የሚበሉት እኩለ ሌሊት ነው።

በዚህ ግፊያ ውስጥ ምሳ ዕቃ ይዞ መሳፈር እንዴት ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ ከተማዋ ያገኘችው መልስ ዳባዋላዎቹ ናቸው። ነጭ ቆብ የሚያደርጉ፣ አብዛኞቹ ከፑኔ አካባቢ ገጠር የመጡ ሰዎች ናቸው። ማሃዴዎ ሃቫጂ ባቼ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 እንደጀመረው የሚነገርለት ይህ ሥራ፣ ከቤት የተዘጋጀውን ምሳ ረፋዱ ላይ ሰብስቦ በባቡር ደቡብ ያደርሳል፤ ባዶውን ዕቃ ከሰዓት በኋላ ወደየቤቱ ይመልሳል። ከኮሮና በፊት 5,000 ያህል ሰዎች በቀን 200,000 ገደማ ምሳ ያደርሱ ነበር፤ በ2020 ባቡር ሲቆምና ሰው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር ቁጥራቸው ክፉኛ ቀነሰ። ቸርችጌት ጣቢያ ደጃፍ ላይ አንዱን ምሳ ዕቃ ቀረብ ብዬ አየሁት። ክዳኑ ላይ በቀለም የተጻፉ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች አሉ፤ ከየትኛው ጣቢያ እንደተነሳ፣ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው ሕንፃ ስንተኛ ፎቅ እንደሚሄድ በዚያ ይታወቃል። ስም የለበትም፤ አድራሻም የለበትም። ሰውየው አንዱን ረዥም የእንጨት ጣውላ ዕቃውን እንደደረደረበት ራሱ ላይ አድርጎ በሕዝቡ መሐል ሲያልፍ፣ ፖሊሱም ነጋዴውም መንገድ ይለቅለታል። የሌላ ሰው ምሳ የያዘ ሰው ቅድሚያ አለው።

ደላላው «የሕንፃው ማኅበር አይፈቅድም» ያለኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና የከተማዋን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ሐበሻ እዚህ እንግዳ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከሙምባይ ወደ ደቡብ፣ ሙሩድ ከተማ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ መካከል ጃንጂራ የሚባል ምሽግ አለ። ሲዲ የሚባሉት ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች ገዝተውታል፤ የአካባቢው ኃያላን የነበሩት ማራታዎች ደጋግመው ሞክረው ያልያዙት ምሽግ ነው። ግዛታቸውም ሀብሳን ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1689 ህንድን ይገዙ የነበሩት የሞጎሎች የባሕር ኃይል አዛዥ ሲዲ ያቁት ኻን ያኔ ቦምቤይ በምትባለው በዚህችው ከተማ ላይ ወርዶ እንግሊዞችን በምሽጋቸው ውስጥ ከበባቸው፤ የለቀቃቸው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከእሱም በፊት ከእኛው ምድር በባርነት ተሽጦ የወጣው ማሊክ አምባር የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ ሞጎሎችን ሲያስቸግር ኖሮ በ1626 ሞተ፤ የመሠረታት ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ታሪኩ በሌላ አቅጣጫም ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የናፒየር ጦር የተደራጀውና የተነሳው ከዚሁ ከቦምቤይ ወደብ ነው። ከ13,000 ወታደር ጋር 44 ዝሆኖች በመርከብ ተጭነው ዙላ ወረዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን እናውቃለን። የወደቡን ቅጥር ሳልፍ ለአፍታ ቆሜ አየሁት። ማስታወሻ ሰሌዳ አላገኘሁም።

ሰኔ እንደገባ ዝናቡ መጣ። የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት ወሩ አንድ ነው፤ ዝናቡ ግን አንድ አይደለም። የእኛ ከሰዓት በኋላ ያጉረመርምና ይለቃል፤ የዚህ አንድ ጊዜ ከጀመረ ቀንም ሌሊትም አያባራም። ልብስ አይደርቅም፣ ጫማ ይሻግታል፣ ወረቀት ይልማል። በረንዳ ላይ ያለው ማድ ቤቴ በፕላስቲክ ሸራ ተጋረደ። አንቲ ግን ከዝናቡ ይልቅ የሚያወሩልኝ ስለ አንድ ቀን ነው፤ ሐምሌ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.። በዚያች ዕለት ሳንታክሩዝ የሚገኘው የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ በ24 ሰዓት 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ መዘገበ፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ብዙም የማያንስ። ባቡር ቆመ፣ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሰጠሙ፣ በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። የአንቲ ባል ከሥራ በእግራቸው ሲመጡ አድረው በማግሥቱ ገቡ፤ ሌሊቱን በማያውቋቸው ሰዎች ቤት ደረጃ ላይ ሻይ እየተሰጣቸው ነበር ያሳለፉት። ሚቲ የተባለው ወንዝ ዳር ዳሩ ተገንብቶበት፣ በቆሻሻ ተደፍኖ፣ መውጫ አጥቶ ነበር። ከባሕርና ከወንዝ የተወሰደ ቦታ ባለቤቱ ሲመጣ ይለቀቃል።

ስለ ሙምባይ ሰው መቻቻል የሚጻፈው ብዙ ነው። እኔም በባቡሩ አይቼዋለሁና አልክድም። ግን የተጠጋጋው ማነው ብሎ መጠየቅም ይገባል። ከነዋሪው ከአሥሩ አራቱ ያህሉ የሚኖረው በደሳሳ ሰፈሮች ነው። ዳራቪ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ስፋት ላይ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ይዛለች፤ ቆዳ ይለፋባታል፣ ሸክላ ይሠራባታል፣ የከተማዋ ፕላስቲክ ተፈጭቶ እንደገና ዕቃ ይሆንባታል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የባለሀብቱ የሙኬሽ አምባኒ መኖሪያ አንቲሊያ አለ፤ 173 ሜትር የሚረዝም፣ 27 ፎቅ ያለው፣ የአንድ ቤተሰብ ቤት። በባቡር መስመሩም ላይ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሰው ይሞታል፤ ከበር ተንጠልጥሎ የወደቀ አለ፣ ሐዲድ ሲያቋርጥ የተገጨ አለ። በአግዳሚው ላይ ለአራተኛዋ ቦታ የሚሰጡት ሦስት ሴቶች ደግነታቸው እውነት ነው። የእነሱ ደግነት ግን ባቡር ያልጨመረውን፣ ቤት ያልሠራውን፣ መሬቱን ለጥቂቶች የሸጠውን ሹም ከተጠያቂነት ሊያድነው አይገባም። ሕዝብ ቻይ ነው እየተባለ የሚቀር ሥራ በእኛም አገር ሞልቷል።

ለሕክምናም፣ ለትምህርትም፣ ለንግድም ወደ ሙምባይ የምትሄዱ ወገኖች፣ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው። ቤት ስትፈልጉ ከካሬው በፊት የባቡር መስመሩን እዩ፤ ሆስፒታላችሁ ወይም ትምህርት ቤታችሁ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ሳታውቁ ውል አትፈርሙ። የፓስፖርታችሁን ቅጂና ጉርድ ፎቶ በብዛት ይዛችሁ ሂዱ፤ የምዝገባውን 14 ቀን አታሳልፉ። የምትበሉትንና የማትበሉትን ለአከራያችሁ ከመግባታችሁ በፊት በግልጽ ንገሩ፤ እምቢ ያላችሁ ይቅር፣ የተቀበላችሁ ጥግ ይፈልግላችኋል። በሽተኛና ሻንጣ ይዛችሁ ጠዋት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ወደ ደቡብ በሚሄድ ባቡር አትሳፈሩ፤ ያን ጊዜ ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ የሚቆጭ አይደለም። ከክረምቱ በፊት ብትደርሱ ይሻላል፤ ካልሆነ ግን ጃንጥላችሁንም ትዕግሥታችሁንም ጠንከር ያለ ያዙ።